የእሑድ ውሃ

ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ወልደአማኑኤል፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ቁልቁለቱን ያስወርድዎታል? የእናቴ የእታለም ዓይን ተሻላት? እኔ ልጅዎ አምለሰት ከናፍቆትዎ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ በማዳም ቤት በጸሎትዎ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ሙኒት የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ኹሩጇ፣ የመውጫ ፈቃዷ፣ ደርሶላት አገሯ ገባች። እንደኔ አድርገው ይቀበሉልኝ።

ወንድሜ ናሁሰናይ ሁሉን በስልክ ነገረኝ። ወንዛችን ዘንድሮ ቀጥኗል አሉ። እርስዎ የውሃ አባት ሆነው ተራ ማካፈል ከጀመሩ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ቦዩን ዘግተው ውሃውን ለራሱ ለወንዙ ይለቁለታል፤ ሰውም በሬም ባረፈበት ቀን ዓሣውና የታችኛው ሾላ ይጠጣ ብለው። አሁን ሽንኩርት የተከሉት ሁሉ፣ የኛው ናሁሰናይም ጭምር፣ እሑድንም እንጥለፈው ብለው ተነሡብዎ። «ወልደአማኑኤል በሰው ውሃ ሊጸድቅ ነው» እያሉ፣ ለመድኃኔዓለም ዕለት ተሰብስበው ከሹመትዎ ሊያወርዱዎ ነው አለኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። እነሱንም አልፈርድባቸውም፤ ሰብሉ ሲጠወልግ ዝም ብሎ የሚያይ የለም።

እኔ ግን የጻፍኩት ላመሰግንዎ ነው አባቴ። ልጅ ሳለሁ የወንዝ ተራ ሲባል ያስቀኝ ነበር፤ ወንዝ ከውሃ ሌላ ምን አለውና ውሃ ይሰጠዋል እል ነበር። በቀደም የማዳም እናት ወደ ተወለደችበት ቀቲፍ ስትሄድ ደግፌያት ሄድኩ። ድሮ ከእናቷ ጋር ልብስ ታጥብበት የነበረውን ምንጭ ላሳይሽ ብላ የድንጋዩን ደረጃ አስወረደችኝ። ታች ያለው አሸዋና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሁሉም በየተምር እርሻው ሞተር ተክሎ ሲስብ፣ ለምንጩም ይቅርለት ያለ አንድ ሰው አልነበረም አለችኝ። «ማፊ ሞያ፣ ኸላስ» ብላ እጇን አራገፈች፤ ውሃ የለም፣ አለቀ ማለቷ ነው። እዚህ ከቧንቧ የምንቀዳው እንኳ ጨው የወጣለት ባሕር ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። እንዲህ ያለ አባት ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ አለቀስኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ስመለስ እንድሠራበት የሰጡኝ የወንዝ ዳር መሬት የሐሙስ ተራ አለው። በስብሰባው ላይ «በሰው ውሃ ሊጸድቅ ነው» ያሉዎት እንደሆነ፣ የልጄ ተራ ይኸውና ብለው ሐሙስን ለወንዙ ይልቀቁለት። ከሹመትዎ ቢያወርዱዎ፣ እሑድንም ቢወስዱ፣ ሐሙስ የኛ ነው፤ ማንም አይነካውም። መሬቴ ዘንድሮ ጦሙን ይደር። እኔ እጅና እግር አለኝ፣ ሠርቼ አድራለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለአያ አሳምነው ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ተቃውመውዎት ቢሆንም እንኳ። ናሁሰናይ በዚያ መሬት ሽንኩርት ሊጨምርበት አስቦ ነበርና ይቆጣኝ ይሆናል፤ ሲበርድለት ሳሙልኝ። ሴት ልጁን ትንሳኤንም፣ ያላየኋትን፣ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ ስታድግ የምትወርድበት ወንዝ ይቆያት።

ልጅዎ አምለሰት
ኾበር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ
መጋቢት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.