ጭብጨባ የሌለው መዝሙር

ለልጄ ለአጸደ፣ እንደምን ከርመሻል? በዚያ በቶሮንቶ ብርድ ልጆችሽን የሚጠብቅልሽ አምላክ ይመስገን። እኛ ደኅና ነን፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወንድምሽም ዛሬ ነገ ይላል።

ካሴቱ ደረሰኝ። ልጆቹን ቤት ውስጥ ራስሽ መዝሙር በማስተማርሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ኪሩና ሩቲ መዝሙሩን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ዘምረውታል፤ ግን ጭብጨባው የታለ? ጎረቤት ጠርቼ ባሰማቸው "ልቅሶ ቤት ነው እንዴ?" አሉኝ!

ከታች ያሉት ተከራዮች ይቆጣሉ አልሽ። እዚያ ሰፈራችሁ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ሜዳ የለም? ደግሞ "መጀመሪያ ቁጭ ብለው ማዳመጥ ይልመዱ" ትያለሽ። አንቺ ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ፣ እኔ ሳሸበሽብ አይደል እንዴ የለመድሽው? ማን ቁጭ አድርጎሽ ያውቃል!

እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክልኝ። ሌላ ካሴት ላኪልኝ፤ ዜማው ቢበላሽም ግድ የለኝም፣ እጃቸውን አሰሚኝ።

እናትሽ