ለዳገቱ የመረጥኩት ማኒፎልድ

ቢቸና፣ 1996 ዓ.ም.

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ሁለቱም የመኪና ዕቃዎች የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። ጋዜጣ አንጥፌላቸዋለሁ። እንግዳ የመጣብኝ ያህል እየዞርኩ አያቸዋለሁ።

ባለቤቴ አዳሙ ከሞጣ በአውቶቡስ ይዟቸው መጣ። ያለ መኪናው ሲመጣ አይቼው አላውቅም። ሰውና ጭነት የሚያመላልስባት አሮጌዋ የቤንዚን ፒካፓችን ቅዳሜ ከጉንደ ወይን በታች ዳገቱ ላይ ቆመች። ተጎትታ ሞጣ፣ መካኒኩ ጋሽ ኑሩ ግቢ ገብታለች። የተሰነጠቀው ማኒፎልዱ ነው፤ ከካርቡሬተሩ የሚመጣውን አየርና ቤንዚን ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ባለ አራት እግር ቱቦ። ሦስት ጊዜ ተበይዷል። ጋሽ ኑሩ ለአራተኛ ጊዜ አልበይድም አሉ። የፋብሪካው ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። የሞጣው ባለ ሱቅ ሌላ ቦታ የተሠሩ ሁለት ዓይነት አሉኝ፣ ወስዳችሁ ምረጡ፣ የማትፈልጉትን እስከ አርብ መልሱ ብሎ ሰጠው።

አንዱ እግሩ ረጅም፣ ቀዳዳው ጠባብ። ከተሰነጠቀው ጋር ይመሳሰላል።
ሌላው አጭርና ሰፊ። ሦስት ጣቴ ይገባበታል።

«አንቺ ምረጪ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ፊዚክስ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።»

እየቀለደ ይሁን ደክሞት ይሁን አልለየሁትም።

ሌላም ነገር አለ። የድሮ ጓደኛው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ ሰው ይፈልጋል። መልሱ እስከሚቀጥለው ሰኞ መድረስ አለበት። ይህን የነገረኝ እግሩን እየታጠበ ነው። ቀና አላለም።

«ትሄዳለህ?»

«እስቲ መጀመሪያ መኪናዋን እንያት።»

መኪናዋ ከሠራች ይቀራል፣ ካልሠራች ይሄዳል። እንዲህ አላለም። እኔ የሰማሁት ግን እንዲህ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰፊውን በፌስታል ይዤ ስታፍ ገባሁ። በባዶ ክፍለ ጊዜዬ ልለካው። ጌታሁን፣ የሒሳቡ መምህር፣ ፌስታሉን በእስክሪብቶ ነካ አደረገና «ጥሩወርቅ፣ ዛሬ ምሳሽ ከባድ ነው» አለ።

«የመኪና ዕቃ ነው።»

«አይ ጊዜ! የእኔ ሚስት ድስት ነው የምትመርጠው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማስመሪያዬን አውጥቼ፣ ጠባቡን ማታ ቤት እንደለካሁት፣ ሰፊውን ለካሁ።

የጻፍኩት፦

ጠባቡ፦ ከባድ። አዳሙ አይቶት «ይሄን አውቀዋለሁ» ያለው።

ሰፊው፦ ቀላል። ቀዳዳው የጠባቡን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

ጠባቡ መኪናዋን እንደነበረች ያደርጋታል። አዳሙን ጅቡቲ ያስመኘችው ግን ያቺው የነበረችው መኪና ናት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል። የአየር ግፊት። «ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል» ብዬ እየጻፍኩ ቾኩ እጄ ላይ ቆመ። እኛ ደጋ ላይ ነን። አየራችን ስስ ነው። መኪናዋን የሠሯት ሰዎች ባሕር አጠገብ የሚኖሩ ናቸው፤ የእኛን አገር አያውቁትም። ወፍራም አየር ለሚስብ ሞተር የተለካ ጠባብ ቱቦ እዚህ እንዴት ይበቃል? ስስ አየር ሰፊ አፍ ይፈልጋል።

እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላሰበውም?

ተማሪዎቹ ትምህርቱ የጠፋኝ መስሏቸው ያዩኛል። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ስልክ ቤት ሄጄ ጋሽ ኑሩን አገኘኋቸው። ስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ይጮሃሉ።

«ጠባቡን ላኪልኝ፣ አስተማሪዋ!»

«ለምን ጋሽ ኑሩ?»

«ለምኑን እንጃ። እጄ ጠባቡን ይላል።»

ስለ ከፍታው፣ ስለ ስሱ አየር አስረዳኋቸው። ረጅም ነገር ተናገርኩ። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ኑሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱልኝ።

«ወላሂ እኔ ቡሎን ማጥበቅ ነው የማውቀው። አንቺ ተምረሻል። የላክሽውን እገጥማለሁ።»

አሸነፍኩ። ስልክ ቤቱን ለቅቄ ስወጣ ግን «አንቺ ተምረሻል» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሙገሳ ነው? ወይስ ክርክሩን መተው?

አዳሙም ጠባቡን ይመርጥ ነበር። ስነግረው ሰፊውን አንስቶ በቀዳዳው አጮልቆ አየኝ። አንድ ዓይኑን አየሁት። «እሺ» አለ። «አንቺ ካልሽ።» ለምን ትንሽ እንኳ አልተከራከረኝም? የሚሄድ ሰው ስለሚቀር ዕቃ አይከራከርም።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ሰፊውን ብቻ ይዞ ሄደ። ጠባቡን ባለ ሱቁን አስፈቅጄ በሌላ ቀን እመልሰዋለሁ ብሎ አልጋ ሥር አስገባው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስልክ ተጠራሁ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ አንድ ጫማዬ ሊወልቅ ነበር።

«ጥሩዬ! ሜዳው ላይ ባዶዋን አበረርኳት! ድምፅዋን ብትሰሚው! ጋሽ ኑሩ ራሳቸው ከግቢው ወጥተው አዩን!»

እንዲህ ሲናገር ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ? አላስታውስም። ተጋብተን በመጀመሪያው ዓመት ይሆናል።

በስታፉ በር ሳልፍ ጌታሁንን «ድስቱ ሠራ» አልኩት። አልገባውም። ይሁን።

ነገ ለኅዳር ሚካኤል የሚመጣ ሰውና ጤፍ ጭኖ ይመለሳል።

አርብ፣ ኅዳር 11

በስምንት ሰዓት ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ጭነት ይዛ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስትጀምር ታንቃ ጠፋች። ሲያስነሳት ትስላለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ትጠፋለች። ሦስት ቦታ። ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ዶሮዋን ለሌላ ሰጥታ ገፋች። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ዳገት ባየች ቁጥር ትሰግዳለች?» ብለው ሰውን አሳቁ። አዳሙ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም።

«አርጅታለች» አለ። «ቱቦ አይደለም። ሞተሩ ራሱ አልቆለታል። ሰኞ ለጅቡቲው ጓደኛዬ እደውልለታለሁ።»

ውኃ ሰጠሁት። ጠጣ። ደግሜ ሰጠሁት።

የባለፈው ቅዳሜ ችግር ስንጥቁ ነበር። ከዚያ በፊት ግን በሦስት ብየዳ ይህንኑ ዳገት ይህንኑ ጭነት ይዛ ትወጣ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱ ይህን አላሰበውም። እኔ አሰብኩት። አልተናገርኩም።

ስሌቴ የት ላይ ሳተ? ደብተሬን ሦስት ጊዜ ገለጥኩ። አየሩ ስስ ነው። ይህ እውነት ነው። ታዲያ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሙሉ በቆሻሻ ጭስ ይታፈናል፤ ዘንድሮም እንደዚያው። እኔም ግቢውን ጠርጌ ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ የአምናውን የፈተና ወረቀት በሩ አጠገብ ከምሬ ለኮስኩት። አዳሙ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭሱ በበሩ ሲወጣ እንደ ሰነፍ ሰው ይጎተታል። የወረቀቱን ዐመድ ይዞ ይነሳና ደጃፉ ላይ ይጥለዋል። በአጥሩ ሁለት ቆርቆሮዎች መካከል ባለችው ክፍተት የሚወጣው ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይወረወራል። ዐመዱን ሳይጥል መንገዱን አሻግሮ ይሄዳል።

በሩን ገፋ አድርጌ ግማሹን ዘጋሁት። ጭሱ ፈጠነ። ከፈትኩት። ዘገየ፣ ዐመዱ ወደቀ። ዘጋሁ። ከፈትኩ።

«ምነው መምህርት፣ በሩ እምቢ አለሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ።

«አይ፣ እሺ አለኝ።»

ዳገት ላይ ሞተሩ በዝግታ ነው የሚዞረው፣ የሚስበውም በዝግታ ነው። ጠባቡ ቱቦ ውስጥ አየሩ በግድ ይሮጣል፣ ቤንዚኑን እንደተሸከመ ያደርሳል። ሰፊው ውስጥ ይጎተታል፣ ቤንዚኑን መንገድ ላይ ይጥላል። ሜዳ ላይ፣ ባዶዋን፣ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ሰፊው ይበልጣል። ሐሙስ የበረረችው ለዚያ ነው። ሰፊ አፍ ደግሞ ስሱን አየር አያወፍረውም። ይህን ተማሪ ቢስተው እቀንስበት ነበር።

ልንገረው? ዝም ብል ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ይሄዳል፤ ስህተቴን የሚያውቅ የለም። ብነግረው ደግሞ ላስቀረው ብዬ የፈጠርኩት ይመስለው ይሆን?

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ነጠላውን ሳያወርድ በር ላይ ያዝኩት።

«አዳሙ፣ መኪናዋ አላረጀችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

በሩን እየከፈትኩ እየዘጋሁ አሳየሁት። ጭሱን አየ። እኔን አየ።

«ታዲያ ትናንት ያን ሁሉ ሰው ያስገፋሁት የአንቺን ትምህርት ነው?»

ሳቀ። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ፤ ጭሱም አግዞት ይሆናል። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ አለቀ።

«ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ከቅዳሴ በኋላ ጠባቡን ከአልጋ ሥር አውጥተን፣ መኪናዋን ባዶዋን ይዘን ሞጣ ሄድን። ጋሽ ኑሩ እሑድ ይሠራሉ። «እሑድ የእናንተ ነው፣ የእኔ አርብ አልፏል» እያሉ እጃቸውን ጠረጉ።

ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። ስለ ጭሱና ስለ በሩ ስነግራቸው መፍቻቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። «እኔም ለምን ጠባቡ እንደሆነ ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን እጄ ነበር የሚነግረኝ።»

አርብ ስላለፈ ለባለ ሱቁ እኔ እነግረዋለሁ አሉ። የተሠራበት ሰፊው ለእኛ ቀረ።

ከገጠሙ በኋላ ፒካፓዋን አሸዋ በከረጢት አስጫኑና ራሳቸው ከላይ ወጥተው ተቀመጡ። «ከጠፋች እኔ አልገፋም፣ ነግሬያችኋለሁ!»

ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ። ቀስ እያለች። አልታነቀችም። አዳሙ መሐል ላይ ሆን ብሎ አቆማትና እንደገና አስነሳት። ወጣች። ጋሽ ኑሩ ከላይ ጣሪያውን በመዳፋቸው ደበደቡት።

አዳሙ ማርሹን ጨብጦ ነበር። ጉልበቴን ይነካል ብዬ ጠበቅሁ። አልነካም። ማርሽ ቀየረ።

ስለ ጅቡቲ ሲሄድም ሲመለስም አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ጠዋት «አራት ሰዓት ላይ ስልክ ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ። ምን እንደሚል አልነገረኝም።

ሰፊውን ማኒፎልድ ክፍል ወሰድኩት። የሚጨስ ወረቀት ይዤ ጭሱ በሰፊው ቀዳዳ ሲያልፍ አሳየኋቸው። ከዚያ ባጠበብኩት መዳፌ መካከል። መኪናችን ሰፊውን ይዛ ዳገት ላይ እንደታነቀችም ነገርኳቸው። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰፊውን የመረጠው ማነው?»

«እኔ።»

ያኔ መኪናችንን ሰማኋት። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለውን ዳገት ጭነት ይዛ፣ በዝግታ፣ ሳታቋርጥ ወጣች። ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው በኩል። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። ደውሎ ነው ወይስ ሳይደውል? ሊሠራባት ነው ወይስ ሞጣ ወስዶ ሊሸጣት? በሁለቱም መንገዱ አንድ ነው። ድምፅዋ እስኪጠፋ ቾኩን ይዤ ቆምኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቅበላ ሥጋ ይዞ መጣ። መክተፍ ጀመርኩ። እርሱም ቢላዋ አንስቶ ከጎኔ ቆመ።

«ሐሙስ ለመርጡለ ማርያም ጭነት ይዣለሁ» አለ።

ሐሙስን ብቻ ነው የጠራው። መደወሉንም ከዚያ ወዲያ ያለውንም አልተናገረም፣ እኔም አልገፋሁትም። እስከ ሐሙስ ግን ሦስት ቀን ነው። እየደጋገምኩ ቆጠርኩት።