እህቴ የሞተችው ስትሮጥ አይደለም

እታለም፣ ዛሬ ለአለቃሽ ልጽፍ ነው። እንደምታውቂኝ በደብዳቤ ጎበዝ አይደለሁም፤ አንቺ ደግሞ ተናድጄ የጻፍኩትን ነገር ሳትስቂ ማንበብ አይሆንልሽም። ቃሌ ነው፣ ስድብ አላስገባም። «ጨዋ ሰው ሲናደድ እርስዎ ይላል» ትዪኝ የለ? ይኸው እስከ መጨረሻው እርስዎ እላቸዋለሁ። ዝም ብለሽ አንብቢ፤ ያበዛሁት ከመሰለሽ እንደ ልማድሽ ጆሮዬን ቆንጥጪኝ።

ለተከበሩ የአሳንሰር ተከላና ጥገና ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሙሉ ጤና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ፤ ሆኖም ሰው ነዎትና አንድ ቀን ትኩሳት ቢጥልዎ፣ ወዲያው የሚጋደሙበት አልጋ፣ «ዛሬ አልችልም» ሲሉም የሚያምንዎ ሰው እንዳያጡ አጥብቄ እመኝልዎታለሁ።

እኔ ገና ተማሪ ነኝ። እርስዎ ዘንድ አሳንሰር ትጠግን የነበረችው ቴክኒሻን ታናሽ ወንድም ነኝ። ለቅሶ ሊደርሱን በመጡ ጊዜ ራሴን ዳበስ አድርገው «አይዞህ፣ አንተ ወንድ ልጅ ነህ» ያሉኝ እኔን ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በእህቴ መታሰቢያነት ለሚደረገው የሠራተኞች ሩጫ የታተመውን በራሪ ወረቀት ልከውልኛል፤ ባንዲራ አውለብልቤ ሩጫውን እንዳስጀምርም ጋብዘውኛል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ያምራል። የእህቴም ፎቶ ያምራል፤ ፎቶ ስትነሳ ዓይኗን የማትጨፍንበት ቀን ብርቅ ስለሆነ፣ ይህንን ከየት እንዳገኙት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከፎቶው ሥር ግን እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ድርጅታችን ባመቻቸላት የልምምድ ጊዜ ለግማሽ ማራቶን ስትዘጋጅ ቆይታ፣ በምትወደው ሩጫ ላይ ሳለች በድንገት ያጣናት ባልደረባችን።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያገኘኋቸውን ስህተቶች በቁጥር እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ፤ የቋንቋ መምህራችን ቅሬታ በቁጥር ሲሆን ያምራል ይላሉ።

አንደኛ፣ «ያመቻቸላት የልምምድ ጊዜ» የተባለውን በሚመለከት። እህቴ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ለምን እንዳማራት ጠይቀዋት ስለማያውቁ እኔ ልንገርዎ። «ሁልጊዜ የምደክመው ሌላ ሰው ደረጃ ወጥቶ እንዳይደክም ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ ለራሴ ልድከም» ነበር ያለችው። የልምምድ ፕሮግራሙን ከትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ጋር ተማክሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞና ሐሙስ አጭር ሩጫ፣ እሁድ ረጅም። የኩሽና በር ላይ ለጠፍነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «አሰልጣኝ» ሆንኩ፤ ጠዋት ጠዋት የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች «እሺ አሰልጣኝ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ልትገድለኝ አስበሃል?» ትለኝ ነበር። አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን፤ ከዚያ እሷ ወደ ሥራ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት።

ችግሩ እሁድ ነበር። የስምሪት ኃላፊዎ፣ ሠራተኞቹ በፍቅር «አቶ አሁኑኑ» የሚሏቸው ሰው፣ መንገዱን ግማሽ ስናደርስ ጠብቀው ይደውላሉ። አሳንሰር ውስጥ ሰው ተቆልፎ ከሆነ እህቴ ቅር ብሏት አያውቅም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን የሥራ ዕቃዋን ልታነሳ ወደ ቤት የምትመለስበትን ፍጥነት እኔ ፕሮግራሙ ላይ ልጽፈው አልደፍርም። አንድ እሁድ የተጠራችው ግን የአንድ ወዳጅዎ ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ ባለቤታቸው በመስታወቱ ራሳቸውን አጥርተው ማየት ስላልቻሉ ነበር። ረጅሙ ሩጫ ቀረ። እመቤቲቱ ራሳቸውን አዩ። ማመቻቸት ማለት ይህ ከሆነ በእውነቱ አሳምረው አመቻችተዋል፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ የመስክ ሥራ። «ለሦስት ቀን ነው» ተብላ ወደ ሩቅ ከተማ ትላክና እኛ ቤት ወሩ ሊያልቅ ይደርሳል። አገሩን ስለማታውቀው ጎህ ሳይቀድ ውጭ መሮጥ ፈራች፤ ስለዚህ በእንግዳ ማረፊያው ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ትመላለስ ጀመር። ዘበኛው የሰው ዕቃ ይዛ የምትሸሽ መስሎት ዱላውን አንስቶ ተከተላት። ጠዋት ደውላ ሳቋ እያቋረጣት «አሰልጣኝ፣ የዛሬው የፍጥነት ልምምድ በዘበኛ አጋዥነት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለችኝ። በማግስቱ ታርቀው፣ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ወንበሩን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አድርጎ «ዛሬ እኮ ቀዝቀዝ ብለሻል፣ የኔ እህት፤ ትናንት እንደዚህ አልነበርሽም» ይላት ጀመር። እንግዲህ ለልምምዷ ድጋፍ ያደረገ አካል በወረቀቱ ላይ ይመስገን ከተባለ፣ ከድርጅትዎ ዓርማ በፊት የዚያ ዘበኛ ዱላ እንዲታተም በትሕትና አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፣ ደረጃ። አሳንሰር ሲቆም የሚጠግነው ሰው በምን እንደሚወጣ አስበውት ያውቁ ይሆን?

አራተኛ፣ «በምትወደው ሩጫ ላይ ሳለች» ስለሚለው። እዚህ ላይ ጨዋነቴ ሊያልቅብኝ ስለሚችል በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውድድሩ ሲቃረብ ከመስክ የተመለሰችው ሳልና ትኩሳት ይዟት ነው። የስፖርት መምህራችንን ስጠይቃቸው የያዙትን ኳስ አስቀምጠው «ትኩሳት ያለበት ሰው አይሮጥም! ልብ ነው የሚጎዳው። ውድድር ነገም አለ» አሉኝ። ቤት እንደገባሁ ፕሮግራሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር በትልቁ «እረፍት» ብዬ ጻፍኩበት። እህቴ አኮረፈች፣ አጉረመረመች፣ «አንተ ጨካኝ፣ ሥልጣን ላይ ስትወጣ ታየህ» አለችኝ፤ ግን ታዘዘች። ከዚያ ወዲህ የሩጫ ጫማዋን አላሰረችም። ለእኔ ታዛለች፤ ክፋቱ ከእኔ ሌላ አዛዥም ነበራት።

የሕመም ፈቃድ ልትጠይቅ ስትደውል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ የአቶ አሁኑኑ ድምፅ ደግሞ ስልክ አይበቃውም። «ለሩጫ ሲሆን ጉልበት፣ ለሥራ ሲሆን ትኩሳት!» አሉ። «ጉንፋን ነው፣ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል። ደንበኛው አናቴ ላይ ቆሞ እየጮኸ ነው፤ አሁኑኑ ውጪ።» እህቴ ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረችና «በል እንግዲህ፣ ሌላኛው አሰልጣኝ ጠርተውኛል» አለች። አልሳቅሁም። እሷም አልሳቀችም።

የሄደችው አሥራ አራት ፎቅ ወዳለው ሕንፃ ነው። አሳንሰሩ ቆሟል፤ የሞተሩ ክፍል ያለው ደግሞ ጣሪያው ሥር ነው። አብረዋት የነበሩት አንጋፋ ቴክኒሻን ሁሉንም ነግረውኛል፤ እንጀራቸው እርስዎ እጅ ላይ ስለሆነ ማን እንደሆኑ አልናገርም። ከመጋዘን የተላከው ዕቃ ልኩ ስላልሆነ ወጥተው ወረዱ፣ ደግመው ወጥተው ወረዱ። «ሳጥኑን ለእኔ ስጪኝ ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» ብለው ለምነዋት፣ «ጉልበትዎን ያምዎት የለም እንዴ፣ ጋሼ? ይልቅ ባትሪውን ያብሩልኝ» ብላ እምቢ አለቻቸው። በሦስተኛው መውጣት ላይ ትንሽ ትንፋሽ ልሰብስብ ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከተቀመጠችበት የተነሳችው በሰው እጅ ነው። ሆስፒታልም ብዙ አላቆያትም።

ሐኪሙ ለእናቴና ለእኔ ሲያስረዱን፣ ያ ሕመም የልቧን ጡንቻ እንዳስቆጣው፣ እንደዚያ የሆነ ልብ ደግሞ የሚፈልገው እረፍት ብቻ እንደነበር ነገሩን። ብታርፍ ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርግጠኛ ሆኜ ልነግርህ አልችልም» አሉኝ። ስለዚህ እኔም ገደላችኋት ብዬ አልጽፍም፤ የማላውቀውን ጽፌ ወረቀት የማሳተም ልምድ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። የዚያን ቀን የለበሰችው የሩጫ ልብስ ሳይሆን፣ ጀርባው ላይ የድርጅትዎ ስም የተጻፈበት የሥራ ቱታ ነበር።

አምስተኛው ቅሬታዬ ወረቀቱ ላይ አልታተመም። ለቅሶ በመጡ ዕለት እናቴ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከረባትዎን አስተካክለው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው «ምን ይደረግ እናት፣ ሩጫው በዛባት፤ እኛም ቀነስ አድርጊው ብለን መክረናት ነበር» አሉ። ማን ነው የመከራት? የት ሆኖ? አንዲት ጎረቤታችን «ምከረው ምከረው...» ብለው ተረቱን ሲጀምሩ፣ ሌላዋ በክርናቸው ጎሽመው አስቆሟቸው። እርስዎ ግን በስምምነት ራስዎን ነቀነቁ። አየሁዎ።

እንግዲህ ሐኪሙ «ልብ» ሲሉ፣ እርስዎ ደግሞ «ሩጫ» ሲሉ፣ እናቴ ሁለቱን ገጣጥማ አንድ ታሪክ ሠራች። ያን ቀን እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ወደ ኩሽና ገብታ ፕሮግራሙን ከበሩ ላይ ላጠችው። አልጮኸችም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። «እማዬ፣ እይው፣ እረፍት ብዬበታለሁ እኮ» አልኳት። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። የሆነውን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ ግን ከአንድ ባለ ከረባት ሥራ አስኪያጅና ከአንድ ተማሪ ማን ይታመናል? ደግሞም እኔ በነገርኳት ቁጥር ራሴን ለማዳን የምለፋ ይመስላታል፤ አፏ ባይናገርም ፊቷ ይናገራል። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥፍልኛለች፣ ታናግረኛለች። ዓይኔን ግን፣ ከአንድ ጠዋት በቀር፣ አታይም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የእህቴ አሰልጣኝ እኔ ነበርኩ። በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ስሜ ባይጠራም እናቴ እኔን እዚያ ውስጥ አግኝታኛለች።

በዚህ ምክንያት የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ለሥራ ብዛትዎም አይከብድም። ከሩጫው ቀን በፊት እቤታችን ድረስ ይምጡ። ያ ወንበር አለ። እናቴ ፊት ይቀመጡበትና «እናት፣ ልጅዎ የወደቀችው ስትሮጥ አይደለም፤ ታማ ሳለ እኛ ልከናት ደረጃ ስትወጣ ነው። ይህ ልጅ እረፊ ብሏት ነበር፤ ያላሳረፍናት እኛ ነን» ይበሏት። ከዚያ ወረቀቱን ቢያርሙትም ባያርሙትም እንደ ፈቃድዎ። አሁኑኑ ይምጡ አልልዎትም፤ ቃሉ ባለቤት አለው። ከመጡ ባንዲራዎን ቀጥ ብዬ ቆሜ አውለበልባለሁ። ካልመጡ ግን የሚያውለበልብልዎ ሌላ የሞተበት ልጅ እንዲፈልጉ፣ የእህቴንም ፎቶ ከወረቀቱ ላይ እንዲያነሱ በማክበር እጠይቃለሁ።

ስለ ላኩልን የአበባ ጉንጉን፣ ስለ በራሪው ወረቀት ጥራት፣ እህቴ በሕይወት ሳለች አንድ ሙሉ እሁድ ያልሰጣትን ድርጅት በስሟ ሙሉ እሁድ ስላስዘጉላት፣ ውለታዎን የምመልስበት አቅም እንደሌለኝ እየገለጽኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የቴክኒሻንዎ ወንድምና አሰልጣኝ

ማስታወሻ፦ በወረቀቱ ጀርባ «ቤተሰቦቿም ፈለጓን በደስታ እየተከተሉ ይገኛሉ» ስለሚል፣ ቢያንስ ይህ መረጃ የተሟላ እንዲሆንልዎ ብቻዬን የሮጥኩበትን የመጀመሪያ ጠዋት ልንገርዎ። እናቴ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳላይ ስላለች ሳትነቃ ነው የወጣሁት፤ በትምህርት ቤት ጫማ። እስከ ድልድዩ ሮጬ ተመለስኩ፤ በጣም ቀስ ብዬ፣ እህቴ ብታየኝ በምትስቅብኝ ዓይነት። ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ መዳፏን ደረቴ ላይ አኖረች። ልቤ ይመታል፣ እሷ ታዳምጣለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የታየኝ ግን ፍርሃት ብቻ ነበር። ልቤ ቀስ በቀስ ረጋ። እጇን አላነሳችም። የጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ሲያልፉ፣ «አትሄድም እንዴ?» ሲሉኝ፣ እኛ እዚያው በር ላይ ነበርን።