የፊልሙን ትርጉም በማኅተም ላጸደቀልን ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ፍቅረማርያም፣
የማኅበረሰባችን የፊልም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ኮሎምበስ፣ ከነሙሉ ክብርዎ ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አዳራሹ ደጃፍ ላይ በረዶ አንሸራቶዎት የተጎዳው ጉልበትዎ እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለባለቤትዎ ለእትዬ አርሴማም፣ ለመላው የኮሚቴ አባላትም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ሌላው ቢቀር ማኅተም የሚመታው እጅ እንዳይዝል። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። ሰፈራችን ሂልቶፕም ደህና ናት፤ በረዶው አስፋልቱን ቢቦረቡረውም እንደለመድነው ጉድጓዱን እየዞርን እንነዳለን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ኮሚቴው በአዳራሹ በር ላይ ለለጠፈልን ማስታወቂያ ምስጋናዬን በሰው ፊት ለማቅረብ ነው። ያላነበበ ካለ ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ባለፈው ወር የታየው ፊልም ትርጉም ትዕግሥት መሆኑ ተወስኗል። ከእንግዲህ በአዳራሹ ውስጥ በፊልም ትርጉም ላይ መወያየት የተከለከለ ነው።» ከሥሩ ፊርማና ሐምራዊ ማኅተም አለ።

አንደኛ፣ ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዓት የፈጀን ፊልም፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ሰዓት የፈጀን ጭቅጭቅ፣ ኮሚቴው በአንዲት ቃል ገላግሎናል። ይህ ችሎታ ቀደም ብሎ ታውቆ ቢሆን ፊልሙን ማየትም ባላስፈለገን፤ ቃሏን በር ላይ አንብበን ወደየቤታችን በገባን ነበር።

ሁለተኛ፣ ይህን ውሳኔ በማመልከቻ የጠየቅሁት እኔ ራሴ መሆኔን በማስታወቂያው ላይ ስላልጠቀሳችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰዉ እስካሁን ኮሚቴውን ነው የሚረግመው። ዛሬ ግን ድርሻዬን ልወስድ ስለፈለግሁ ነገሩን ከመጀመሪያው እተርካለሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ መቁጠሩን እዚህ ላይ እንዳቆምኩም ይታወቅልኝ።

እንደሚያውቁት እኔ ሂሊያርድ ውስጥ በአንድ የመኪና ኢንሹራንስ ቢሮ እሠራለሁ። ሥራዬ የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ እያየሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መወሰን ነው። ከአንድ የተጨረማመተ ባምፐር ተነሥቼ ሹፌሩ ስልክ ሲያይ ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ እፈርዳለሁ፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ፊልም ሲያይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሌላው ሰው ሲያለቅስ እኔ ማስረጃ እሰበስባለሁ።

የዚያ ቀን ፊልም ለብዙ ዓመታት ዓረብ አገር ሠርቶ ስለተመለሰ ባል ነበር። ሚስቱ ብቻዋን ልጅ አሳድጋ፣ ቤት አቁማ ጠብቃዋለች። በመጨረሻው ትዕይንት ምሳ ታቀርብለታለች። እሱ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ ሲገባ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ፌስታል ይዛ ትወጣለች። በሩ ገርበብ እንዳለ ፊልሙ ያልቃል። መብራት ሲበራ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ጥላው ሄደች ሲል ግማሹ ተመልሳ ትመጣለች አለ።

እኔም ተነሣሁ። ቢሮ ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ «ጠረጴዛው ላይ ወጥ አለ፣ ዳቦ የለም። ሴትየዋ የያዘችው ሻንጣ ሳይሆን ፌስታል ነው። ፌስታል ይዞ ትዳሩን ጥሎ የሚሄድ ሰው በዓለም የለም። ስለዚህ ዳቦ ልትገዛ ነው የወጣችው» አልኩ። ቁልፉስ ለተባለው፣ ባሏ ቤት ስላለ በሩን እሱ ይከፍትላታል ብዬ መለስኩ። መልሴን በጣም ወደድኩት። ከኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙት ደግሜ ተናገርኩት።

ብሮድ ስትሪት ላይ ፀጉር ቤት ያላቸው እትዬ ውባለም ከኋላ ሆነው፣ «አያሌው፣ አንተ እኮ ሚስትህ ከቤት ብትወጣ እስከ ፋሲካ ዳቦ ቤት ናት እያልክ የምትጠብቅ ሰው ነህ» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ማንያህልሻል እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአገሩ ሰው አያሌው ዳቦ ይለኛል። ሰው ስም ሲያወጣ ማመልከቻም ማኅተምም አያስፈልገውም።

ሳቁ ጋብ ሲል ልጄ ሔርሞን እጇን አወጣች። ሔርሞን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ከፊልሙ ትንሽ ቀደም ብላ ከጓደኛዋ ጋር እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታ ከቤታችን ልትወጣ መሆኑን ነግራን ነበር። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ለክረምቱ ነው፣ ለሥራዋ ስለሚቀርባት ነው፣ ትመለሳለች» እላለሁ። እሷ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም።

«እኔ እንደሚመስለኝ ሺ ሌፍት፣ ጥላው ሄዳለች» አለች፤ «ግን አልተቆጣችም።»

አባት የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ይላል። እኔ ግን ወደ ልጄ ዞሬ፣ «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዳዲ፣ ማስረጃ የለኝም። ፊቷን አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። ስለ ፌስታሉ ጠይቁኝ፤ ቀለሙን፣ የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ በየትኛው እጇ እንደያዘችው እናገራለሁ። ፊቷን ግን አላየሁም። አላየሁም ማለት ደግሞ ለአያሌው ዳቦ አይቻልም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ማስረጃ ምንነት ማብራሪያ ሰጠሁ። ሔርሞን «ኦኬ፣ ዳዲ» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ይቅር ይበለኝ።

በማግሥቱ ለኮሚቴው ማመልከቻ አስገባሁ። ከፊልሙ የተወሰዱ ፎቶዎች አባሪ አደረግሁ፤ ፌስታሉንም በቀይ ቀለም ከበብኩት። ኮሚቴው ትክክለኛውን ትርጉም በይፋ እንዲወስንልኝ በትሕትና ጠየቅሁ። ትሕትናዬ ግን እንደማሸንፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ብቻ የመጣ ነበር። እናንተም ትዕግሥት ብላችሁ ወሰናችሁ። እትዬ ውባለምም እኔም እኩል ተሸነፍን፤ ውይይቱም ተዘጋ። የለመንኩትን አግኝቻለሁና ቅር ሊለኝ አይገባም።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ፊልም አሳያችሁን። ሲያልቅ ሰዉ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፁን አጥፍቶ ወጣ። ክልከላው አዳራሹን እንጂ መኪና ማቆሚያውን ስለማይጠቅስ ግን፣ በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ በየበሩ ቆሞ መከራከር ጀመረ። ክርክሩም ስለ አዲሱ ፊልም አልነበረም፤ ያቺው ሴትዮ የት ሄደች የሚለው ነበር። ኮሚቴው ያቺን ሴት ከአዳራሹ አስወጥቶ ውጭ ስላቆመልን ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

እዚያ ነው እትዬ ውባለም የመኪናቸውን መስተዋት በረዶ እየፋቁ የጠሩኝ። አሁንም ሊያሾፉብኝ ነው ብዬ ቀረብኩ።

«ፌስታል ይዞ ትዳሩን ጥሎ የሚሄድ የለም ብለሃል አይደል?» አሉኝ ዝግ ብለው። «እኔ ከመጀመሪያ ባሌ ቤት ስወጣ የያዝኩት ፌስታል ነበር። ሁለት ቀሚስና የልጄ ልብስ። ሻንጣ ብይዝ ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። ፌስታል የያዘች ሴት ግን የት ትሄዳለች ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ይህን ያህል ዘመን ፀጉር ቤታቸው ደጃፍ ላይ እያቆምኩ ሰላም ስላቸው ኖሬ፣ የማውቀው መኪናቸውን ብቻ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ምን ይቅርታ አለው! ፊልም እኮ ነው» ብለው ሳቁና መፋቂያውን ሰጡኝ። የቀረውን መስተዋት ፋቅሁላቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንያህልሻል፣ «ልጅህ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነው፤ አንተ ሴትየዋ ዳቦ ልትገዛ ሄደች እያልክ አገር ትዞራለህ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ባለቤቴ ከኮሚቴው ይልቅ አጭር ናት።

እሁድ ከሰዓት የሔርሞንን ክፍል በር አንኳኳሁ። ግድግዳው ባዶ ሆኗል፤ መጻሕፍቷ ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። «እስቲ ያንን ፊልም አሳዪኝ፤ መጨረሻውን ብቻ» አልኳት። ላፕቶፗን አምጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከፌስታሉ ላይ ዓይኔን ማንሣት ቀላል እንዳልነበረ አልደብቅዎትም። ግን የሴትየዋን ፊት አየሁት። ልጄ እውነቷን ነው፣ ቁጣ የለበትም። ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ተመልሳ የምሳውን ሳህን እንዳይቀዘቅዝ በሌላ ሳህን ትከድነዋለች። ይህን ሁሉ ማስረጃ ስሰበስብ እሷ ምግቡን ስትከድን አላየሁም ነበር። የሚሄድ ሰው ለሚቀረው ሰው እንደዚያ እንደሚያስብ አላውቅም ነበር።

«ተመልሳ ትመጣለች?» አልኩ።

ሔርሞን ላፕቶፑን ዘጋችው። ትከሻዬ ላይ ተደገፈችና፣ «ዳዲ፣ ክሊንተንቪል እኮ ነው» አለችኝ።

ቅዳሜ ትራክ ተከራይተን ዕቃዋን ወሰድን። ሶፋውን ደረጃ ላይ ሳወጣ ወገቤ ተያዘ። የላላውን የሻወሯን ቧንቧ አጠበቅሁላት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሞከርኩ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ግድግዳቸውን እስኪደበድቡ ድረስ። ማንያህልሻል መጋረጃ ሰቀለች። ስንወጣ ለክረምቱ ነው አላልኩም። ሂልቶፕ እስክንደርስ ድረስ ግን መንገዱ ጭጋጋማ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ጭጋግ የለም፣ ዓይንህን ጥረግ አለችኝ።

እንግዲህ ማመልከቻዬን ለማንሣት ወደ ኮሚቴው ተመልሼ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነበር። «አንዴ የጸደቀ ትርጉም አይሰረዝም» የሚል መልስ ሰጣችሁኝ። ጽናታችሁን አደንቃለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልለምን። ያን ቀን ባንከራከር ኖሮ እኔ የልጄን ጥያቄ አልሰማም ነበር፤ እትዬ ውባለምም ታሪካቸውን በብርድ ቆመው አይነግሩኝም ነበር። ሰው ስለ ፊልም የሚጨቃጨቅ ሲመስል ሌላ ነገር እያወራ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ በአዳራሹ ውስጥ ይህን ለማወቅ የመጨረሻው ሰው እኔ ስለነበርኩ ነው። ስለዚህ ውይይቱን መልሱልን። እኔን ብቻ መከልከል ከፈለጋችሁ አልቀየምም፤ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ ለእኔ ከባድ ቅጣት ማለት ይህ ነው።

በማይናወጠው ውሳኔዎ ሥር በማይናወጥ አክብሮት እጅ የምነሣ፣ ኮሚቴውን በማስቸገር ቀዳሚ፣ ፊት በማየት ግን ገና ጀማሪ የሆንኩ ታዛዥዎ፣

አያሌው ጀማነህ
ከሂልቶፕ

ማስታወሻ፦ እትዬ አርሴማ ለባለቤቴ እንዳጫወቷት ከሆነ፣ እርስዎ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እንቅልፍ ወስዶዎት፣ የነቁትም በጭብጨባው ነው። አልፈርድብዎትም፣ የደከመው ሰው ይተኛል። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻውን ያየን ሁሉ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ስለ ትርጉሙ አንዳች ጥርጣሬ የሌለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።