የአራት ሰዓት በረራ

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለጥንት ወዳጄ፣

ሰላምሽ እንደ ዳሞታ ተራራ ምንጭ አይጉደል። ጤናሽ፣ የስፌት ሥራሽ፣ ያ የወገብ ሕመምሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ የጊፋታ በዓላችን ዝናብ በዝቶበት ነበር፤ ቢሆንም ተበላ፣ ተጨፈረ።

ከኮሪያ ከተመለስኩ ወር አለፈኝ። በስልክ ያልነገርኩሽን ልጽፍልሽ እያልኩ ስጀምር ስተው ቆየሁ።

ዱባይ ስትሄጂ የሸኘሁሽ ከሶዶ መናኸሪያ ነው፤ ትዝ ይልሻል? አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ከሰዎቹ ጋር ስገፋ፣ አንቺ በመስኮት ብቅ ብለሽ "ተወው፣ አትግፋ!" እያልሽ ታለቅሻለሽ፣ ትስቂያለሽ። ገፍቼ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ዱባይን ከምድር ዳርቻ ማዶ አድርጌ ስቆጥራት ኖርኩ።

ቤተ ክርስቲያን ኮሪያ ለሚሰጠው ሥልጠና መርጣኝ መንገዴ በአንቺ ከተማ ሲሆን፣ ቁጥርሽን ከወንድምሽ ከጦና ተቀብዬ ከቦሌ ደወልኩልሽ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠውን ነጋዴ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ብጠይቀው፣ "አራት ሰዓት ብቻ፤ እንቅልፍ እንኳ አያስጠግብም" አለኝ። አላመንኩትም። በአረካና በሆሳዕና አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው የእኛ አውቶቡስ እኮ በአራት ሰዓት ቡታጅራ አይደርስም! ምግቡን በልቼ ሳልጨርስ መብራትሽ ከታች ታየኝ። ለካ ይህን ያህል ቅርብ ነበርሽ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ልውጣ ብል ቪዛ የለህም ብለው መለሱኝ። በካርድ ስልክ ስደውልልሽ አንቺ ውጭ በሩ ጋ ቆመሻል። ያወራነውን ታውቂዋለሽ፤ ግን ልድገመው፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ዳሞታ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል ወይ አልሽኝ። የአገራችን ምግብ ሙቹዋ በዳጣ ካማረሽ ስንት ጊዜሽ እንደሆነ ነገርሽኝ። ከዚያ የድሮ መዝሙራችንን ጀመርሽና "ሁለተኛውን ድምፅ ያዝልኝ" አልሽ። እኔም በወላይትኛ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዘመርኩ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ እስክንጨርስ ሰማችኝ።

ከዚያ ነው "ባለቤትሽስ ደህና ነው?" ያልኩሽ። "የምን ባለቤት?" አልሽኝ።

በሄድሽ በሁለተኛው ዓመት እናትሽ ጠርተውኝ፣ "እሷ እዚያው አግብታለች፤ አንተም ልጄ ጎጆህን ቀልስ" ብለውኝ ነበር። ቀለስኩ። መልካም ሴት ናት፤ ክፉ አላየሁባትም።

"ማን ነው ያለህ?" ብለሽ ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ፣ መስመሩ ይንጫጫል፣ አይሰማኝም አልኩሽ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

እናትሽ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። እሁድ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ክንዳቸውን ይዤ አስፋልቱን አሻግራቸዋለሁ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። አንቺም አትጠይቂያቸው።

ቤቴ የገባሁ ዕለት ባለቤቴ ሻንጣዬን እየፈታች፣ ያ ዱባይ የሚሉት አገር ሩቅ ነው ወይ አለችኝ።

በጣም ሩቅ ነው አልኳት።

አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ በሰላም ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ።

ሁለተኛውን ድምፅ የሚይዝልሽ፣
የጥንት ወዳጅሽ