የኑሩ ሞት፣ ክፍል ሠላሳ አንድ

ሰኞ

ኑሩ ሞተብኝ። ወጥ ላማስል ተነስቼ ስመለስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ጌሙ ዕድሜ እንዳይቆጥር ማጥፋት ነበረብኝ፤ ረሳሁት። የኑሮ ጌም ነው፤ ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ዝም ከተባሉ ደግሞ አርጅተው ይሞታሉ። እኔ ኑሯቸውን እቀርጽና በድምፄ እተርከዋለሁ። ቻናሌ ላይ እስከ ዛሬ ሠላሳ ክፍል ጭኛለሁ።

ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። እማ ላፕቶፑ ላይ የማፈጥጠው ሥራ ፍለጋ ይመስላታል። የምታውቀው ወረታ ያለችው የእናቴ እህት ልጅ ዘሀራ ብቻ ናት።

እውነቱን ልጻፍ። ከመሞቱ በፊት ወዳስቀመጥሁት መመለስ እችል ነበር፤ አንድ ቁልፍ መንካት ነው። አልተመለስሁም። ታሪኩ ሁለት ሳምንት ደርቆብኝ ነበር፣ ሞቱ ደግሞ ቆንጆ ሆነ።

ኑሩ የባሕር ዳር እህል ነጋዴ ነው። ስሙም መልኩም ሥራውም የአባባ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ስሠራ ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ የሚያዩኝ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ናቸው ብዬም አልተጨነቅሁ። የምተርከው በሴት ልጁ አፍ ነው። የባጃጅ ክላክስ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ «አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» ብዬ ጀመርሁ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ስል የእውነት አለቀስሁ። በምን እንደሞተ ጌሙ አይናገርም፤ እሱን እኔ ሞላሁት። አንዴም ሳልደናቀፍ ጨረስሁ።

እውነተኛው አባባ በማለዳ ሽምብራ ሊያይ ቆላ ድባ ሄዷል። ሱቁን ለእኔ ትቶ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጫንሁት። እስከ ምሳ ድረስ ከሁሉም ክፍል የበለጠ ታየ። የዛሬ ድሎቼ፦

አንዷ «ቢሮ ውስጥ አስለቀስሽኝ» ብላ ጻፈች።

ክላክስ አልገባም።

«ኑሩን መልሺልን» የሚሉ መዓት ናቸው። ሲለምኑኝ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዘሀራ ሁለቴ ሰማችው። «ለጓደኞቼ ልላከው?» አለችኝ። ላኪው አልኋት።

አባባ ስልክ አያነሳም። ቆላ ድባ ላይ ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን የትም ሲሄድ ከሰው ስልክም ቢሆን «ገባሁ» ሳይል አያድርም። ትናንት አላለም። እማ ሦስቴ ሞከረች፣ ከዚያ «ረስቶት ነው» አለች፣ ከዚያ እንደገና ሞከረች።

ከሰዓት ሱቅ ተቀምጬ ቪዲዮውን ከፈትሁት። ኑሩ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘርግቷል። ኮፍያው እንኳ የአባባ ነው። ስልኩን ደፋሁት።

ረቡዕ

አራት ሰዓት ላይ ከወረታ ተደወለ። የአባባ እህት እትዬ ረውዳ ናቸው። ሰላም እንኳ ሳይሉ «ወንድሜን ቀበራችሁት ወይ? እኔን ሳትጠሩ አፈር አለበሳችሁት ወይ?» ብለው ጮሁ።

እኛ ዘንድ ቀብር አያድርም። መርዶ የሰማ ዘመድ በዚያው ሰዓት ካልተነሳ አይደርስም፤ የጮሁት ለዚህ ነው። እማ ድምፁን ሰምታ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነገረዎ?» አልኋቸው።

«ገበያው ሁሉ ያወራል እኮ! ጨርቅ ሻጯ ነገረችኝ፣ እሷ ደሞ ከልጇ ሰማች።»

ወዲያው ገባኝ። ጓሮ ወጥቼ ለዘሀራ ደወልሁ። «ቪዲዮው ካርድ ይበላል ብዬ ድምፁን ብቻ ቆርጬ ላክሁት» አለች። ድምፁን ብቻ! ሥዕል የለ፣ ጌም የለ። አንዲት ልጅ ባሕር ዳር ስለሞተው ስለ እህል ነጋዴው ኑሩ ታለቅሳለች። የሰማ ሁሉ ምን ይበል?

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የገደልሁት እኔ ከሆንሁ አባባ አለ ማለት ነው። ለእማ ልነግራት ሮጥሁ። እሷ ግን ሹፌር ከሆነ አንድ ጎረቤታችን ጋር በስልክ ታወራ ነበር። ሰኞ ዕለት ሐሙሲት አለፍ ብሎ ሚኒባስ ተገልብጧል አላት። የሞተ ሰው አለ።

አልነገርኋትም። «ወሬው ከእኔ ነው፣ አይዞሽ» ብያት ነገ ሬሳው ቢመጣስ?

ሐሙስ

ቤታችን ሰው ሞላ። የወረታ ዘመዶች በአንድ መኪና ተጭነው ደረሱ። እትዬ ረውዳ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ግን ያለቅሳሉ። ታላቅ ወንድሜ ከማል የተገለበጠው መኪና ውስጥ ማን እንደነበር ሊያጣራ ወደ ሐሙሲት ሄዷል።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን በጋሪ አምጥተው ደጃፋችን ላይ አወረዱ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሰይድ «እህቴ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ እንትከለው» አሉ። እማ በሩ ላይ ቆማ «ሬሳውን ሳላይ ድንኳን አይተከልም! ማልቀስ የፈለገ ከግቢዬ ይውጣ!» አለች። እዚህ ፋሲሎ ሰፈር ስንኖር እሳቸው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ አጥሩ ሥር ቀረ።

የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለዋለ ሐይቁ ዳር ዋይፋይ ያለው ጭማቂ ቤት ሄድሁ። ክፍል ሠላሳ አንድን አጠፋሁት። ከቻናሉ ጠፋ። ድምፁ ግን ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ሄዷል፤ እሱን የሚያጠፋ ቁልፍ የለኝም። ከጎኔ ተማሪዎች ፎቶ እየተነሱ ይሳሳቃሉ። ጣና ዝም ብሎ ተኝቷል። ሌላ ቀን ደስ የሚለኝ ዝምታው ዛሬ አስጠላኝ።

ስመለስ እማን መጋዘን አስገብቼ ሁሉንም ነገርኋት። ጌም ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። «እንደ አሻንጉሊት ነው… አባባን አሻንጉሊት አድርጌ…» በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምነው ባለችኝ! ቁጭ ብላ አየችኝና ቀስ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«የቆላ ድባውን ደንበኛውን በሰው ስልክ አገኘሁት። በዚህ ሳምንት ጭራሽ አልመጣም አለኝ። ወሬው ያንቺ ከሆነ፣ ታዲያ አባትሽ የት ነው?»

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ከማል ደወለ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ታውቀዋል፣ አባባ የለበትም። ሐሙሲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ሰኞ ጠዋት አይታዋለች፤ አንድ ሻይ ጠጥቶ በጎንደር አውቶቡስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ግማሹ ሰው አልሐምዱሊላህ ብሎ ተበተነ። የቀሩት ግን ይብሳሉ። አንዷ ጓዳ ውስጥ «ሌላ ቤት ይኖረዋል እንጂ ሰው እንዴት አራት ቀን ይጠፋል?» ስትል ሰማኋት። ሌላ ሚስት ማለቷ ነው። እማም ሰምታለች፤ ሽንኩርት መክተፏን ግን አላቆመችም።

የምፈራቸው ነገሮች፦ ሌላ አደጋ። ሌላ ቤት። ሦስተኛውን ለማንም አልተናገርሁም፤ በድምፄ ስላሟረትሁበት ይሆን እያልሁ ነው። የጅል ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም አልለቀቀኝም።

ላፕቶፑን ከፍቼ ጌሙን ከሞቱ በፊት ወዳስቀመጥሁት መለስሁት። ኑሩ ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ሱቁን ከፈተ። ምንም አልተሻለኝም። ዘጋሁት።

ቅዳሜ

መጣ! ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ መጣ። እትዬ ረውዳ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «አንተ ከይሲ! አንተ ከይሲ!» እያሉ ሳሙት። እማ አልሳመችውም። ውሃ ሰጠችውና ጠጥቶ እስኪጨርስ ፊቱን አየች። ለሰዉ ሁሉ ጎንደር አንድ ጉዳይ ይዞት እንደቆየ፣ ስልኩም እንደተበላሸ ተናገረ። ሰውም አመነው ወይም ያመነ መሰለ። ሐጂ ሰይድ ድንኳኑን ራሳቸው አስጭነው ወሰዱ።

ከዚያ «ነይ እስቲ» ብሎ እኔን መጋዘን ጠራኝ። «አውፍ በለኝ አባባ፣ ይቅር በለኝ» አልሁት፤ ስንቴ እንዳልሁት አላውቅም። አልተቆጣም። የሽምብራ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ስመለስ ወረታ አውቶቡሱ ሲቆም ያወቁኝ ልጆች ከፍተው አሰሙኝ» አለ። «ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ጆንያውን ሳያደርስ መሐል ላይ አወረደው፣ ደረቱን ያዘ፣ ልቡ ነው አልሽ።»

«አዎ፣ ግን እኮ ፈጥሬው ነው…»

«ማን ነገረሽ?»

በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጎንደር የሰነበትሁት ለልብ ምርመራ ነው። ስልኬንም ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ለእናትሽ እንኳ አልነገርሁም። አንቺን ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። ግን ወራት ሆኖታል፣ ጆንያ ተሸክሞ ሲሄድ መሐል ላይ ያወርድና ማሰሪያውን የሚያጠብቅ ይመስላል። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ አየው ነበር። ጥሩ ነገር ናት፣ ለታሪኩ ትሆነኛለች ብዬ ያዝኋት። አሞህ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን አንድ ቀንም አልመጣልኝም።

ዛሬ ጠየቅሁት። አዎ አለኝ።