ሁለተኛው ጓንት

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለኔው አባ ጥድፊያ፣ ባለህበት፤

እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እህትህ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። የፊት ክፍሉ መስኮት አሁን ይዘጋል፤ ጠርዙን ሞረድኩለት። የምጠግናቸው ቦት ጫማዎች ከአልጋው ሥር ተርፈው ወንበርህ ላይ ደርሰዋል። ካስፈለገ ይነሳሉ።

በስልክ የላክኸውን ድምፅ ሰማሁት። ከሄድክ ጀምሮ «ደህና ነኝ»፣ «ደክሞኛል፣ ልተኛ» ብቻ ሲለኝ የቆየ ሰው ስለ ጓንት እንዲህ ይተርካል ብዬ አልጠበቅሁም። የምመልስልህ በወረቀት ነው። በስልክ አንተ ስትቸኩል እኔ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ አያጣድፈኝም።

መጀመሪያ የገባኝን ልድገምልህ፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። የመጥለቂያ ልብስህ ጓንቱ ከእጅጌው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ ነበር። የግድቡን ፍርግርግ ስትጠርግ ብረቱ የግራውን ቀደደብህ። ጓንቱ ሲጣበቅ የእጅ አንጓው ላስቲክ ተቆርጦ ስለወጣ ከጓንቱ ወዲያ ውሃውን የሚያቆም ነገር አልነበረም፤ ቅዝቃዜው እስከ ብብትህ ገባ፣ ጣቶችህም ደንዝዘው የአየሩን ቫልቭ መጫን አቃታቸው። እዚህ ላይ ሳቅህ። እህትህም አብራህ ሳቀች። እኔ ግን መልሼ መልሼ ሰማሁት፤ ያ ሳቅ የሳቅ ቦታው ላይ አልነበረም።

አሁን በውሰት ልብስ እየሠራህ ነው፤ የሱ ጓንት አልተስማማህም። ለራስህ ልብስ ተነቃይ ጓንት እንድመርጥልህ ፈለግህ። ከዚያ እንዲህ አልክ፦ «ሁለቱንም ለብቻዬ የምዘጋው ዓይነት ይሁን። ቶሎ በይ።»

«ቶሎ በይ» አልገረመኝም። «ለብቻዬ» ግን ከነከነኝ።

የመጀመሪያውን ጓንት ማንም ይዘጋዋል። ጣጣው ሁለተኛው ላይ ነው። አንዱ እጅ ጓንት ውስጥ ከገባ በኋላ ጣቱ ይወፍራል፣ ይንሸራተታል፣ የራሱን ወንድም እንኳ መርዳት አይችልም። ጀልባ ሥር ስትጠልቅ ሁለተኛውን የምዘጋልህ እኔ ነበርኩ፤ አንተ «በይ፣ በይ» ትላለህ፣ እኔ «ቆይ» እላለሁ፣ ጓንቱን ከእጅጌው የሚያያይዘው ቀለበት ጠቅ ሲል ትሄዳለህ። ይህን የግድብ ሥራ ሳታማክረኝ እሺ ብለህ በተነሳህበት ጠዋትም በሩ ላይ «ቆይ» ብዬህ ነበር። «እስከ መቼ?» አልከኝ።

እና «ለብቻዬ» ሲል ምን ማለቱ ነው? እዚያ ረዳት የለውም? ወይስ እንግዲህ ለብቻዬ ነኝ፣ ልመጂው ማለቱ ነው? እንዲህ ብዬ እህትህን ጠየቅኋት።

«ጓንት ማለቱ ነዋ!» አለች። «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ውሃ ሲጠይቅሽ ምንጩን ታስሺያለሽ።»

ምንጩን ማሰስ ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከጓንቱ ጀመርኩ። የመጥለቂያ ዕቃ የሚሸጠው ባለ ሱቅ ጋ ሄድኩ፤ ያ ስናገር ሰምቶኝ የማያውቀው ሰውዬ። ቀለበቱን ይዤ ይሄ ጠርዝ ለምን ሾለ፣ ይቺ ጎማ ብትደርቅ ምን ትሆናለች፣ በምንስ ትቀባለች እያልኩ ስጠይቀው፣ «ደንበኛዬ፣ ዛሬ ምርመራ ላይ ነኝ እንዴ?» አለኝ። ከየካርቶኑ የወደቁትን የመመሪያ ቁርጥራጮች ለቅሜ ማንበብ ስጀምር ጊዜ ወንበር አመጣልኝ። «መጠኑስ?» አለ። እጄን ዘረጋሁና ያንተ ጣቶች ከኔ ጣት ጫፍ አልፈው የት እንደሚደርሱ በአየር ላይ አሳየሁት። ሳቀብኝ። በኋላ ከቤት የቀረውን አሮጌ ጓንትህን አምጥተን ስናስተያይ ልክ ሆነ፤ እሱም ሳቁን ዋጠ።

ሁለት ዓይነት አዋሰኝ። «አርጥቤ ብመልስልህስ?» ስለው፣ «የተሠሩት ለመርጠብ ነው፣ አልቀየምም» አለ። አንደኛው እንደ አሮጌው ያንተ፣ ቀለበት ከቀለበት ጋር በኃይል ተጭኖ የሚገባ ነው። ሁለተኛው እንደ ጠርሙስ ክዳን ገባ ተደርጎ ይዞራል። በሁለቱም ውስጥ ያለችው ግን ያቺው ቀጭን ጎማ ናት፣ መካኒኮቹ ኦሪንግ የሚሏት። ጣቴ ላይ አድርጌ አየኋት። ከፀጉር ማሰሪያዬ ትቀጥናለች። ያን ሁሉ ውሃ «አታልፍም» የምትለው እሷ ናት። እንዴት ነው እንዲህ ተማምነህባት የምትወርደው?

ጠረጴዛ ላይ ሲዞር ሁሉም ነገር ይሠራል። ስለዚህ እቤት የቀረውን አሮጌ ልብስህን፣ የሁለቱን ጓንቶች ቀለበት በየተራ እጅጌው ላይ እየገጠምኩ፣ ለበስኩት። እሁድ ጠዋት ከጀልባ ማሰሪያው ደረጃ ወረድኩ፤ አትቆጣ፣ እስከ ደረቴ ብቻ ነው። ገመዱን እህትህ ያዘች።

«ወንድሜ ነው ጠላቂው ወይስ አንቺ?»

«እስከ ደረት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«እስከ ደረትም ሰው ይሰምጣል።»

«ለዚህ እኮ ነው ገመዱን የሰጠሁሽ።»

«ገመዱንስ ይዣለሁ፤ እኔን ማን ይያዘኝ? ቂጥሽ ደግሞ የወንድሜን ሱሪ እንዴት እንደሞላው! እሱ እንኳ አልሞላውም።»

ታች ምን እንደሚመስል ስጠይቅህ ሁልጊዜ «ውሃ ነው» ትለኝ ነበር። ውሃ ብቻ አይደለም፣ አንተ። ልብሱ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ እግሬን ሲጨብጠኝ ያ ስትወጣ ባትህ ላይ የማየው ቀይ መስመር ከየት እንደሚመጣ አወቅሁ። ዝምታው ደግሞ! ጆሮዬ ከውሃው በላይ ሆኖ እንኳ ሰውነቴ ዝም አለ። ዝም ማለት ለምዶብኛል፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው፣ የሚያዳምጥ ዓይነት ነው።

እጄን ወደ ታች ስሰድ ጓንቱ ቆዳዬ ላይ ተጣብቆ ቆነጠጠኝ። በመመሪያው ላይ ለዚህ መላ አለ፦ በእጅ አንጓው ላስቲክ ሥር አጭር ክር ታሳልፋለህ፣ ክሩ በፈጠረው ክፍተት ከእጅጌው አየር ወደ ጓንቱ ይገባል። አደረግሁት። እጄን ከፍ ሳደርግ አየሩ ሹልክ ብሎ ገባና ጣቶቼ ተነፈሱ። ደስ ሲል! እንደገና ልየው ብዬ እጄን ሳወጣ ስጨምር እህትህ «ልጅ ሆንሽ?» አለችኝ።

ግን አየር ባለፈበት ውሃስ አያልፍም? አሮጌውን ጓንት በመርፌ ወጋሁትና ሞከርኩ። ክሩ ሲኖር ቅዝቃዜው ቀስ እያለ እስከ ክንዴ ወጣ። ክሩን ሳወጣው መዳፌ ብቻ ራሰ፤ ላስቲኩ አንጓው ላይ አቆመው። ስለዚህ የተሳለ ብረት ባለበት ክሩ ይቅርብህ። ፍርግርጉ ጥልቅ አይደለም ብለኸኛል፤ ትንሽ ቢቆነጥጥህ ቻለው። የአንጓውን ላስቲክ ግን ዳግመኛ ማንም እንዳይቆርጥብህ። ጓንት ቢቀደድ እጅ ይበርደዋል፤ ላስቲኩ ከሌለ ሰውየው ነው የሚበርደው።

ጣቶቼ በጓንት ውስጥ ይሠሩ እንደሆነ ላይ ብዬ ብሎንና ዳዶ ይዤ ወርጄ ነበር። ጎማው ወፍራም በሆነው ጓንት ዳዶውን መጀመር እንኳ አልቻልኩም። በቀጭኑ፣ ከውስጥ የሱፍ ጓንት ተደርቦ፣ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ሱፉ ቦታ ስለሚወስድ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ነው የመረጥኩት። ጣት የተጨናነቀበት ቶሎ ይደነዝዛል፤ በቤት ጫማም ያው ነው።

አሁን ወደ አንተ «ለብቻዬ» ልምጣ። የሚጫነውን ለብቻዬ መዝጋት አልሆነልኝም፤ ሁለተኛው ላይ በጉልበቴ ተጭኜ ሁሉ ሞከርኩ። የሚዞረውን ግን ሁለቱንም ለብቻዬ ዘጋሁ! ለእህትህ እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ አሳየኋት፣ እንደ አሸናፊ። ተመልሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ አንጓዬ ራሰ።

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አልኳት።

«ያ የተንጠለጠለው ነጭ ክርስ ምንድን ነው?» አለች፣ ከደረጃው ላይ ሆና፣ ያለ መነጽሯ።

ከሱፉ ጓንት የወጣ አንድ ክር ነው። ከቀለበቱ ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል ተነክሶ ቀርቷል። ውሃው እሱን ይዞ ነው የገባው። እኔ እያየሁት አላየሁትም፤ ዓይኔ የሚያየው የዘጋሁትን እንጂ ያልዘጋሁትን አይደለም። እሷ ግን ያለ ድካም አየችው።

ከውሃው እንደወጣሁ ራሴን ጠየቅሁ፦ አንተ እዚያ ረዳት አለህ ወይስ የለህም? ሰኞ ወደ ኩባንያችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት።

«ረዳትማ አለው፣ እዚህ ማንም ብቻውን አይወርድም» አለችኝ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«ባለቤቱ» አልኳት።

«ውይ፣ እንግዲያው እርስዎ ይምከሩት። በውሰት የሰጠነው ልብስ ጓንቱ ያለ ረዳት አይዘጋም። እሱ ደግሞ ረዳቱን እጁን አያስነካውም! በጉልበቱ ላይ ተጭኖ ይዘጋዋል፣ አንዳንዴም በደንብ ሳይገባ ይወርዳል። ረዳቱ ተቀይሟል። ‹ምን አደረግሁት?› ይላል። ባለቤትዎ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ‹ይሄን የሚዘጋልኝ ሰው አለኝ።›»

«‹አለኝ› ነው ያለው ወይስ ‹ነበረኝ›?» አልኳት።

«አለኝ» አለች። «ለምን?»

«እንዲያው ነው፤ ማወቅ ፈልጌ ነው» አልኩና አመስግኜ ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ቦት ጫማ ማስቲሽ ቀባሁት፤ ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ። እህትህ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

ስማኝ፣ አባ ጥድፊያ። የሚዞረውን መርጬልሃለሁ። ለብቻህ ትዘጋዋለህ፣ እንደፈለግኸው፤ ማንም አይነካህም። ግን ከመውረድህ በፊት ሁለቱንም እጆችህን ለዚያ ለተቀየመው ሰው ዘርግተህ አሳየው። አይንካ፣ ይይ። መዝጋት ለብቻ ይቻላል፤ ማየት ግን ለብቻ እንደማይቻል ውሃው ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። «እንዲህ አልለመድኩም» እንደምትል አውቃለሁ። እጅህን ስጠው አልኩህ እንጂ እጅ ስጥ አላልኩህም። እምቢ ካልክ ለዚያች ትሁት ልጅ መልሼ እደውላለሁ፣ አሁን ቁጥሯን ይዣለሁ። ያ የውሰት ልብስም በጉልበት ተዘግቶ ከዛሬ በኋላ ውሃ እንዳይነካ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የዚህ ጓንት ቀለበት እዚያ ካለው ልብስህ እጅጌ ጋር እንዲሁ አይገጥምም። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ፣ ላስቲኩ ተመልሶ፣ ቀለበቱ ተስተካክሎ መለጠፍ አለበት። ትንሽ ከተጣመመ አንጓህን ሲያሳክክህ ይከርማል። እዚያ የሚሠራ ሰው ካለ ሁሉንም አንድ በአንድ ጽፌ፣ ከነማስቲሹ ጠቅልዬ በፖስታ እልክልሃለሁ። ከሌለ ግን፣ እኔ እችለዋለሁ። ልብሱ ተሰቅሎ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ማስቲሽ ሲጣደፍ አይወድም፣ ከዚያም በኋላ በውሃ ፈትኖ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። እህትህ «ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» ብላለች፣ ሳልጠይቃት።

ጓንቱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልታሸገም። ይህን ደብዳቤ ስታነብ አትቸኩል፤ ረጋ ብለህ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ልላከው ወይስ ላምጣው?

ውሃው ይጥራልህ። አሥሩም ጣቶችህ ሙቀት አይጡ።

ሚስትህ